ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ላይ ቤት ለሚሠሩ

ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ጎርጎራ ላይ ጎጆ ሊቀልስ የሚያስብ ሰው፣ በከተማው የለመደውን አሠራር እንዳለ ይዞ መሄድ አያዋጣውም። ጣና ከጎንደር ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ይበረታል፤ ጎርጎራ ያለችበት የደምቢያ ሜዳ አፈርም በአብዛኛው ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው።

ቦታ የሚመርጡ ከሆነ በበጋ ብቻ አይተው አይወስኑ። ሐይቁ በጣም የሚሸሸው በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ሲሆን፣ ሞልቶ የሚታየው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ስለዚህ በግንቦት ከብት የሚግጥበት ደረቅ ሜዳ በመስከረም ረግረግ ሆኖ ሊጠብቅዎ ይችላል። የአገሩን ሽማግሌዎች ይጠይቁ። እኔን አንድ አባት ወደ አንድ ሾላ ወስደው፣ ግንዱ ላይ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ የደረቀውን የደለል መስመር በከዘራቸው ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከዚህ በታች እንዳትሞክረው» ብለውኛል።

ብዙ ገንዘብ የሚበላውም ሆነ ብዙ ስሕተት የሚሠራበት መሠረቱ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የመጀመሪያ ቤቴን የሠራው ግንበኛ እስከ ጉልበት ቆፍሮ «ይበቃል» ሲለኝ አምኜው፣ በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው በሰያፍ ተተረተረ፤ በሩም አልዘጋ አለ። ዋልካውን አልፈው ጠንካራ መሬት እስኪያገኙ ድረስ ያስቆፍሩ፤ ጥልቀቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ግን የሚቻለውን ያህል ዋልካ አስወጥተው፣ በምትኩ ገረጋንቲ በስስ በስሱ እያስደለደሉና ውኃ እያርከፈከፉ ያስጠቅጥቁ። ቤቱ ካለቀ በኋላ ዙሪያውን በአንድ ሜትር ያህል ስፋት ድንጋይ ወደ ውጭ አዘቅዝቀው ያስነጥፉ፤ ከዚያ አልፎ ደግሞ ቦይ ይቀደድ። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም ከቆርቆሮው የሚወርደው ጎርፍ በቀጥታ መሠረቱ ሥር ይገባል። ባሕር ዛፍም ከቤቱ አጠገብ አይትከሉ፤ ሥሩ የአፈሩን እርጥበት እየመጠጠ ስንጥቁን ያባብሰዋል።

ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ጠላቱ ምስጥ ነው። ብዙ ሰው የቋሚዎቹን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ ይህ ምስጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፣ ዘይቱም ታጥቦ ወደ ሐይቁ መውረዱ አይቀርም። እኔ የምመርጠው ቋሚው መሬት ሳይነካ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ እንዲያርፍ ነው። ምስጥ ድንጋዩን ለመውጣት እንደ ጣት የቀጠነ የአፈር መተላለፊያ ስለሚሠራ፣ በየሳምንቱ ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው በቀላሉ አግኝቶ ይፍቀዋል። ለምርጊቱ የሚሆነው ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ ተረግጦ፣ ለጥቂት ቀናት ተዘፍዝፎ ቢሰነብት አይሰነጠቅም።

ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ስለሚነፍስ፣ መስኮቶቹን በዚያ በኩልና በትይዩው አድርገው ወንፊት ያስመቱባቸው። ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር በመሆኑ፣ ወንፊት አለኝ ብሎ አጎበርን መተው አይገባም፤ በግቢው ውስጥም ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ ሁሉ ይደፈን። መጸዳጃው ከውኃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከጉድጓዱ በታች ባለው ተዳፋት ላይ ይሁን።

ቁፋሮው ኅዳር ላይ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ቢጀመር፣ ቆርቆሮው ሚያዝያ ሳያልቅ ይመታል፤ ምርጊቱም ሰኔ ሳይገባ ይደርቃል።