ኮሞዶር 64 ላይ ራስበሪ ፓይ ስትሰኩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የ1982ቱ ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ካላችሁ 1541 የሚባለው ዲስክ ድራይቩ እያረጀ እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ። አሁን ብዙ ሰው ፓይ1541 የሚባለውን ሶፍትዌር ራስበሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ላይ ይጭንና በድራይቩ ቦታ ይሰካዋል። ሲሠራ በጣም ደስ ይላል። እምቢ ሲል ግን ሰው ቶሎ ፓይዋን ይጠረጥርና ሚሞሪ ካርዷን አሥር ጊዜ ፎርማት ያደርጋል፤ እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ኤሌክትሪኩና ሽቦው ላይ ነው።

የኃይል ሳጥኑን ከታች እንደምነግራችሁ ከለካችሁ በኋላ መጀመሪያ ኮሞዶሩን ለብቻው ሞክሩት። ከኃይሉና ከስክሪኑ በቀር ሁሉንም ነቅላችሁ አብሩት። ሰማያዊ ስክሪን ላይ 38911 ባይት ነፃ ነው የሚለው መስመርና ከሥሩ «ሬዲ» ካልመጣ ፓይዋ ምንም አላጠፋችም፤ ችግሩ ራሱ ኮምፒውተሩ ወይም የኃይል ሳጥኑ ውስጥ ነው።

በጣም የምለምናችሁ ግን የኃይል ሳጥኑን ሳትለኩ እንዳትሰኩ ነው። የድሮው ሳጥን ውስጡ በጠንካራ ሙጫ የተሞላ ስለሆነ በደንብ አይቀዘቅዝም። ሲበላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ 5 ቮልቱ ከፍ ይልና የሚሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። መልቲሜትር ያዙና ለኩ። ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሃል ካልሆነ አትጠቀሙበት። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፣ የአገር ቤት 220 ላይ በቀጥታ እንዳይሰካ። ፓይ ብትቃጠል ሌላ ይገዛል፤ የኮሞዶር ቺፖች ግን ማምረት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ስህተት አለ፤ ለፓይዋ ኃይል ከኮሞዶሩ መውሰድ። ከኋላ ባለው ዩዘር ፖርት የሚወጣው 5 ቮልት የሚችለው 100 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፣ ፓይ 3 ደግሞ የ2.5 አምፔር ቻርጀር ትፈልጋለች። እዚያው ፖርት ላይ 9 ቮልት ኤሲም ስላለ ሽቦው አንድ ፒን ቢስት ፓይዋ አለቀላት። የራሷን ቻርጀር ስጧት።

ሽቦው ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ሁለቱን በቀጥታ ማገናኘት ነው። የኮሞዶሩ መስመሮች 5 ቮልት ናቸው፣ የፓይ ፒኖች ግን ከ3.3 በላይ አይችሉም። መሃል ላይ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ የቮልቴጅ መቀየሪያ ቦርድ መግባት አለበት፤ ከፍተኛው ጎን ወደ ኮሞዶር፣ ዝቅተኛው ወደ ፓይ። ግራውንዱም የጋራ ይሁን። ከዚያ የፒን ቁጥር አለ። ጂፒአይኦ የሚባሉት የፓይዋ የመረጃ መግቢያና መውጫ መስመሮች ቁጥራቸው ከፒኑ ቁጥር ይለያል፤ ጂፒአይኦ 17 ማለት 17ኛው ፒን አይደለም፣ 11ኛው ነው። ባለ 6 ፒኑ ክብ የድራይቭ ኬብል መሰኪያም ከፊት ሲታይና ከምትበይዱበት ጎን ሲታይ ግራ ቀኙ ይገለበጣል። እኔ ሥዕሉን ከየት በኩል እንደተሳለ ሳላይ በይጄ ሁለት ምሽት ሙሉ የሌለ ጥፋት ስፈልግ ነበር። ስለዚህ ከበየዳችሁ በኋላ እያንዳንዱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በመልቲሜትር አረጋግጡ።

ዕቃው በርቶ እያለ ኬብሉን መንቀልና መሰካት ይቅር። ኮሞዶሩ ከድራይቩ ጋር የሚነጋገርበትን 6526 የሚባለውን ቺፕ ሊገድለው ይችላል።

ካርዱ ላይ ብዙ የሚወራ የለም። በፋት32 ፎርማት ይደረግ፤ ትልልቅ ካርዶች ብዙ ጊዜ በኤክስፋት ስለሚመጡ ፓይዋ አትነሳም። ሊኑክስም አትጫኑ፣ ሶፍትዌሩ ያለ እሱ በቀጥታ ነው የሚነሳው። የ1541 ሮም ፋይል፣ ማለትም የድራይቩ የውስጥ ፕሮግራም ቅጂ፣ ግን የግድ ነው፣ ምክንያቱም ያ ድራይቭ የራሱ 6502 ፕሮሰሰር ያለው ሙሉ ኮምፒውተር ነበር፤ ፓይዋም ያንን ነው የምትተካው።

«ዲቫይስ ኖት ፕረዘንት» ካለ ኮሞዶሩ ጠርቶ የመለሰለት የለም ማለት ነው። ኮሞዶሩ ድራይቩን የሚጠራበትን የኤቲኤን መስመርና የድራይቭ ቁጥሩን እዩ። እውነተኛ 1541 አብሮ ተሰክቶ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም 8 ቁጥር ሊሆኑና ሊጋጩ ይችላሉ፤ የፓይዋን ካርዱ ላይ ባለው የኦፕሽንስ ፋይል 9 አድርጉት። ከዚያ የሎድ ትዕዛዝን በዶላር ምልክትና በድራይቩ ቁጥር ጻፉና ሊስት በሉት። የዲስኩ ዝርዝር ከመጣ ሽቦው ደህና ነው። አንድ ጌም ብቻ አልነሳ ካለ ሌላ የዲስክ ፋይል ሞክሩ እንጂ መበየጃውን አታንሱ።