በወተት ላይ አፍላቶክሲንን በባዮሴንሰር ሲለኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላሟ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ስትበላ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በሰውነቷ ተለውጦ አፍላቶክሲን ኤም1 ሆኖ ወተቷ ውስጥ ይገባል፤ ማፍላትም አያጠፋውም። በደብረ ብርሃንና በጫጫ ዙሪያ ወተቱን በኤሌክትሮኬሚካል ባዮሴንሰር፣ ማለትም የመርዙን መጠን በኤሌክትሪክ ፍሰት (ከረንት) በሚለካ መሣሪያ፣ ለሚፈትሽ ሰው መጀመሪያ መጨበጥ ያለበት ነገር አለ። በተለመደው የሽሚያ ዘዴ የወተቱ መርዝና ኢንዛይም የተያያዘበት መርዝ መርዙን ለይቶ በሚይዘው ፕሮቲን (አንቲቦዲ) ላይ ቦታ ይሻማሉ፤ ከረንቱ የሚመጣው ከኢንዛይሙ ሥራ ስለሆነ መርዙ በበዛ ቁጥር ከረንቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከረንት የሚቀንስ ስህተት ሁሉ ንጹሕ ወተትን የተመረዘ ያስመስለዋል።

የመጀመሪያው ስህተት ወተቱን ከነቅባቱ መጠቀም ነው፤ ቅባቱ ኤሌክትሮዱን ይሸፍነዋል። በሴንትሪፊዩጅ በ4000 ጂ (በመሬት ስበት 4000 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ ያሽከርክሩትና ከላይ የረጋውን ገፈው ከሥሩ ያለውን ይውሰዱ። መርዙ በአብዛኛው ከፕሮቲኑ ጋር ስለሚቀር አያመልጥዎትም።

ከረንቱን ወደ መርዝ መጠን የሚተረጉመውን የማነጻጸሪያ መስመር በበፈር (አሲድነቱ በቀላሉ በማይለዋወጥ መፍትሔ) ብቻ ማውጣትም ያሳስታል። መርዝ እንደሌለበት በተረጋገጠ ወተት ያውጡት፤ ያም ወተት እንደ ናሙናው በሴንትሪፊዩጅ ያለፈ ይሁን።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ፐሮክሳይድ ነው። ወተት እንዳይበላሽ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የጨመረበት ሰው ካለ የሴንሰሩን ኢንዛይም ሊያዳክመው ይችላል፤ ከረንቱ ይወርድና ገበሬው ያለ ጥፋቱ ወተቱ ይመለስበታል። በተቃራኒው ጥሬ ወተት በተፈጥሮው ላክቶፐሮክሲዴዝ የተባለ፣ እንደ ሴንሰሩ ኢንዛይም ከረንት ሊያስነሳ የሚችል ኢንዛይም አለው። የኤሌክትሮዱ እጥበት ሳይበቃ ከቀረ ከረንቱን ከፍ አድርጎ መርዙን ይደብቃል፤ ይህኛው የበለጠ ያሰጋል፣ ወተቱን የሚጠጣው ሕፃን ነውና። ናሙናውን አስቀድመው በፐሮክሳይድ መፈተሻ ወረቀት ይዩት፤ ኤሌክትሮዱንም ሦስት ጊዜ ይጠቡት።

የደብረ ብርሃን ብርድም ቀላል አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ኢንዛይሙም አንቲቦዲውም ይዘገያሉ። ከፍሪጅ የወጣውን ሁሉ ለ30 ደቂቃ ያሙቁት፤ ማነጻጸሪያውንና ናሙናውን በአንድ ሙቀት፣ ለምሳሌ በ25 ዲግሪ፣ ይለኩ።

ጠብታውን ልብ ብለው ይዩት። ሦስቱንም ኤሌክትሮዶች ካልሸፈነ ወይም አረፋ ከያዘ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ወደ ብረቱ መገናኛ ከፈሰሰም ያንን ስትሪፕ (ኤሌክትሮዶቹ ያሉበትን ቁራጭ) ይጣሉት።

ወሰኑን ማደበላለቅም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ሲፈቅድ ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ) እስከ 0.5 ይፈቅዳል፤ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። የትኛውን እንደተጠቀሙ ከውጤቱ ጎን ይጻፉ።

ከወሰን በላይ የወጣን ውጤት ለገበሬው ከመንገርዎ በፊት፣ ቀድመው በማቀዝቀዣ ያስቀመጡትን ግማሽ ናሙና በኤችፒኤልሲ (ውሕዶችን ለያይቶ በሚለካ የላቦራቶሪ ዘዴ) ያስረጋግጡ። ከተረጋገጠ ፋጉሎው ይቀየር፤ ከ4 ቀን በኋላ ከዚያችው ላም እንደገና ናሙና ይውሰዱ።