ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ከመዛወር በፊት

በአሜሪካ የምትኖሩ ነርሶች፣ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወደማታውቁት ስቴት ለሥራ ለመዛወር ስታስቡ፣ የደመወዙን ልዩነት ከማስላታችሁ በፊት የሙያ ፈቃዳችሁ በዚያ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ደቡብ ዳኮታ የነርሶችን ፈቃድ በጋራ በሚቀበለው ስምምነት ውስጥ ስለሆኑ፣ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ደቡብ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ የምትሄድ ነርስ በያዘችው የጋራ ፈቃድ (በስምምነቱ ስቴቶች ሁሉ በሚሠራው) ሥራ መጀመር ትችላለች፤ ይሁን እንጂ መኖሪያዋን በዚያ ካደረገች በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ ለአዲሱ ስቴት ፈቃድ ማመልከት ይኖርባታል። ካሊፎርኒያ ግን ከስምምነቱ ውጭ ስለሆነች የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ይህም ጊዜ ስለሚወስድ የቤት ኪራይ ውላችሁን ከማቋረጣችሁ በፊት ማመልከቻውን ጀምሩ። የትዳር ጓደኛችሁ መምህር ወይም ፋርማሲስት ከሆነ ይህ ስምምነት እርሱን አይመለከተውም፤ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ደመወዝ ብቻ ለወራት የሚቸገረው ይህን ሳያጣራ በመሄዱ ይመስለኛል።

ዜግነት ያላገኘ የቤተሰብ አባል ሁሉ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ በተዛወረ በ10 ቀናት ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። ለፖስታ ቤት ብቻ ማመልከት አይበቃም፤ አንድ የቀጠሮ ደብዳቤ ወደ ቀድሞው ቤት ሄዶ ቢቀር ጉዳቱ ከባድ ነው። በኤች ዋን ቢ ቪዛ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሥራ ቦታው ወደ ሌላ የከተማ አካባቢ ሲዞር፣ አሠሪው የተሻሻለ ማመልከቻ ከዝውውሩ በፊት እንዲያስገባለት ይጠይቅ።

የልጆቻችሁን የክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃ በጭነት መኪናው ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙ።