ቮልሴ አልነሳ ስትለኝ እሳቱን የምፈልገው እንዲህ ነው

ሽሮ ሜዳ የሚኖር ባለ ቮልስ መኪናውን ሲያቆም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ ያዞራል። እኔም እንደዚያው ነኝ። የኔዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1968 ምርት ናት። ባለ 12 ቮልት ናት፤ ፑንቲናዋም (የእሳቱን ኮረንት የሚከፍትና የሚዘጋው) ኮንደንሰሯም (ፑንቲናው እንዳይቃጠል የሚጠብቀው) እንደ ድሮው ነው።

አልነሳም ያለች ቮልስ ሰው ትሰበስባለች። አንዱ "ቤንዚን ነው" ይላል፣ ሌላው "ባትሪው አልቋል።" አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ67 መስከረም ላይ ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባትን ቮልስ ያነሳሉ። "ያቺ እኮ በአንዴ ነው የተነሳችው" ብለው ይስቁብኛል። የሰፈሩ ልጆች እጅጌያቸውን ሰብስበው "ቲቸር፣ እንግፋት?" ይላሉ። ቆዩ እላቸዋለሁ። ተገፍታ ብትነሳ እንኳን ምክንያቱን ካላወቅኩ ነገ ጠዋት እዚያው ነን።

መጀመሪያ በጆሮ ነው። ማርሹን አውጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ቁልፉን አዙሩ። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውና የዘይቱ መብራት መብራት አለባቸው። ሁለቱም ጭራሽ ካልበሩ ከባትሪው እስከ ቁልፉ ድረስ የተቋረጠ ነገር አለ። በርተው ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ፣ ወይም ሞተሩ እያቃሰተ ሲዞር መብራቶቹ ከደበዘዙ፣ ባትሪውንና ተርሚናሎቹን ጠርጥሩ። ሞተሩ እንደ ልቡ እየዞረ ካልተነሳ ግን ባትሪውን ተዉት። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አንድ ነው፦ ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እሳት ያገኛል ወይስ አያገኝም?

ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ፍቱት፣ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ አድርቃችሁ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። ነጌቲቩ መጀመሪያ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል። በቴስተር ሲለካ ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ወንበሩን ስትመልሱ የባትሪው ክዳን መኖሩን እዩ። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ዝቅ ብሎ ተርሚናሉን ከነካ ወንበሩ እሳት ይይዛል። ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ኋላ ኮፈኑ እንሂድ። አንድ ካንዴላ በ21 ቁልፍ ፍቱ። ገመዱ ላይ መልሳችሁ ሰኩትና የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት። ከተፈታበት ቀዳዳ አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ነው። በባዶ እጅ አትያዙት፣ እጀታው ፕላስቲክ የሆነ ፒንሳ ይበቃል። አንድ ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ። ሰማያዊ ሆኖ "ቷ ቷ" የሚል እሳት ካያችሁ ደህና ነው። ቢጫና ሰልካካ ከሆነ ደካማ ነው።

እሳት ከሌለ ከቦቢናው (የባትሪውን ቮልት ከፍ ከሚያደርገው) ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው) መሃል የሚገባውን ወፍራም ገመድ ነቅላችሁ ጫፉን ከብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር አርቁና ያንኑ ድገሙ። እዚህ እሳት ካለ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው፦ ክዳኑ፣ ውስጥ የሚዞረው ሮተር ወይም የካንዴላ ገመዶቹ። እዚህም ከሌለ ቦቢናውና ፑንቲናው ናቸው።

ቦቢና ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። የ12 ቮልት አምፖልና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይበቃችኋል። አንዱን ሽቦ ማሳ (የመኪናዋ ባዶ ብረት) ላይ እሰሩ። ቦቢናው ላይ 15 እና 1 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ቁልፉ ሲከፈት 15 ላይ አምፖሉ መብራት አለበት። ካልበራ ከቁልፉ የሚመጣው መስመር ነው። ቀጥሎ ሽቦውን 1 ላይ አድርጉና ሞተሩን አስዞሩ። ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው እየከፈተ እየዘጋ ነው። ሳያቋርጥ ከበራ ፑንቲናው አይገናኝም ማለት ነው፤ ቆሽሿል፣ ወይም ሽቦው ተቆርጧል። ጨርሶ ካልበራ ደግሞ ፑንቲናው አይከፈትም፣ ወይም የሆነ ሽቦ ማሳ ነክቷል፣ ወይም ኮንደንሰሩ ወይም ቦቢናው ውስጡ ሞቷል።

ይህን የአምፖል ነገር የተማርኩት ገንዘቤ ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ሐምሌ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ መንገድ ላይ ጠፋችብኝ። ጋራዥ ገባች። ቦቢና ተቀየረ፣ ካርቡሬተር ተፈታ፣ ካንዴላዎቹ አዲስ ሆኑ፣ ሁለት ሳምንት ቆየች። ወጥታ በሦስተኛው ቀን እዚያው ቦታ ጠፋች። ተናድጄ ራሴ ከፈትኳት። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ከፑንቲናው የምትወጣ አጭር ሽቦ አለች፤ ከጣት አትረዝምም። ላስቲኳ ደህና ነው፣ ውስጧ ግን ተቆርጧል። ፑንቲናው የተቀመጠባት ሳህን ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ትንሽ ትዞራለች፣ ሽቦዋም አብራ ትታጠፋለች። አንዴ ትገናኛለች፣ አንዴ ትለያያለች። ከዚያ ወዲህ ዲስትሪቢዩተሩን ስከፍት መጀመሪያ ያቺን ሽቦ በጣቴ ሳብ አደርጋለሁ። ከተለጠጠች ተቆርጣለች።

ፑንቲናውን ለማየት ሁለቱን የክዳን መያዣዎች በካቻቢቴ አላቁ፣ ሮተሩን ወደ ላይ ንቀሉ። ሞተሩን በእጅ ለማዞር የዲናሞው ፑሊ ቡሎን አለላችሁ፤ እሱም 21 ነው። የፑንቲናው ክንድ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጉብታ ጫፍ ላይ ሲወጣ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ለኩት። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ወፍራም ቪዚት ካርድ ቤት ያደርሳችኋል። ጉብታውን የሚነካው ፕላስቲክ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ትናንት የሠራች መኪና ዛሬ የምታምፀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ስትመልሱ ጉብታው ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ግሪስ ቀቡ፣ ከዚያ በላይ ፑንቲናው ላይ ይረጫል። ክፍተቱን በነካችሁ ቁጥር የማቀጣጠያው ጊዜም ስለሚንሸራተት እሱንም ለመካኒክ አሳዩት።

ፑንቲናው ጠቁሮ ከተበሳሳ ኮንደንሰሩን አብራችሁ ቀይሩ። የሞተ ኮንደንሰር አዲስ ፑንቲና በአጭር ጊዜ ይበላል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ስትሠሩ ቁልፉን ከፍታችሁ አትርሱ። ሞተሩ ቆሞ ፑንቲናው ከተገናኘ ቦቢናው ውስጥ ኮረንት ያለማቋረጥ ይሄዳል። እኔ ስልክ እያወራሁ ረስቼው ስመለስ ቦቢናው እጅ አያስነካም ነበር።

ክረምት ላይ ግን ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አያለሁ። ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ሥር ነው፤ ጠዋት ሁሉ ነገር ላብ ያወጣል። የክዳኑን ውስጥና ገመዶቹን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። እኔ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ አለኝ። የክዳኑ ውስጥ ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ በዚያ እያመለጠ ነው፤ ክዳኑ ይቀየር። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ካርቦን መኖሯንም እዩ።

ገመዶቹን ከነቀላችሁ ቅደም ተከተሉ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ ሮተሩ እንደ ሰዓት ይዞራል። አንደኛው ሲሊንደር ከቀኞቹ ወደ መኪናዋ ፊት የሚቀርበው ነው። ዲስትሪቢዩተሩ አፍ ላይ ያለችው ጭረት አንደኛውን ታሳያለች።

እሳቱ ጥሩ ሆኖ ካልተነሳች ነገሩ ቤንዚን ነው። የካንዴላው ጫፍ የማኪያቶ ቀለም ካለው ጤነኛ ነው። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ይህ አይገርምም። ከረጠበ አድርቁት፣ መልሱት፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ያዙና አስዞሩ። ጭራሽ ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ካርቡሬተር አልደረሰም።

እሳቱም ቤንዚኑም ካለ፣ ያመፀውም ሞተሪኖው ወይም የደከመ ባትሪ ብቻ ከሆነ፣ አሁን ልጆቹን ጥሩ። ቁልፉ ይከፈት፣ ማርሹ ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ። ፍጥነት ስትይዝ ልቀቁት፣ እንደተነሳች መልሳችሁ ርገጡ። ልጆቹ ከኋላ ሳይሆን ከጎን በኩል ይግፉ፣ ቁልቁለት ላይ በድንገት ስትቆም ይጋጫሉ።