ለሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንቅረብ?

ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ልብሱ ነው። ልብስ የራሱ ቦታ አለው። ነገር ግን በብዙ መሥሪያ ቤቶች ጠያቂው ከፊቱ የነጥብ መስጫ ቅጽ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ቅጹ ላይ ሥራው የሚጠይቃቸው ችሎታዎች ተዘርዝረዋል፤ በየአንዳንዱ አንጻር ነጥብ ይሰጣል፣ ለምን እንደሰጠም በአጭሩ ይጽፋል። የመጨረሻው አመልካች ከወጣ በኋላ ጠያቂዎቹ ተቀምጠው የሚከራከሩት ያንኑ ጽሑፍ ይዘው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ሰባት ሰው ካነጋገሩ የማንን ፊት፣ የማንን ሳቅ ሊያስታውሱ ይችላሉ? ስለዚህ ሲዘጋጁ ደጋግመው ራስዎን ይጠይቁ፦ እኔ ወጥቼ ስሄድ ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ ይቀራል?

1. ማስታወቂያውን ይፍቱት

ደብተር አውጥተው አንድ ገጽ በመሐል አስምረው ለሁለት ይክፈሉ። በግራ በኩል የሥራ ማስታወቂያው የጠየቀውን ችሎታ አንድ በአንድ ይጻፉ። በቀኝ በኩል ያንን ችሎታ በተግባር ያሳዩበትን አንድ ሥራ ያስፍሩ። ማስታወቂያው ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ነገር ካለ ክብደት የተሰጠው እሱ ነውና ከሥሩ ያስምሩበት።

ቀኙ ባዶ የቀረ መስመር ካገኙ አይደንግጡ፤ ጠያቂው የት ላይ ሊይዝዎት እንደሚችል ከወዲሁ አወቁ ማለት ነው። ለዚያ መስመር የሚቀርበውን ልምድ ይፈልጉ። እሱም ከሌለ ክፍተቱን ለመሙላት የጀመሩትን ነገር፣ ለምሳሌ እየተከታተሉት ያለ ሥልጠና ካለ፣ ይጻፉ።

ስለ ድርጅቱ ለማንበብ አንድ ሰዓት ይበቃል። የተመሠረተበትን ዓመት ሸምድዶ መሄድ ግን ብዙ አይጠቅምም። ይልቅ ድርጅቱ ለማን ምን እንደሚያቀርብ፣ በቅርቡ ምን እንደጀመረና የሚቀጠሩበት ክፍል በዚያ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው ይወቁ። የራስዎንም ሲቪ እንደ ባዳ ሰው አድርገው እንደገና ያንብቡት፤ እያንዳንዱ መስመር ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ በሁለት ሥራዎች መካከል ያለው ባዶ ዓመትም እንዲሁ።

2. አምስት የሥራ ታሪኮችን ያዘጋጁ

ከዝግጅቱ ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊወስድ የሚገባው ይህ ነው። ጥያቄዎቹን ቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ የሚያርፉበትን ቦታ ግን መገመት ይቻላል። አንድ የከበደ ችግር የፈቱበት፣ ከባልደረባ ጋር የተጋጩበት፣ ስሕተት ሠርተው ያረሙበት፣ ጊዜ አጥሮ የተጣደፉበት፣ የማያውቁትን ሥራ በፍጥነት የተማሩበት፤ እነዚህ አምስቱ ከተዘጋጁ አብዛኛውን ጥያቄ ይሸፍናሉ። ገና ከትምህርት የወጣ ሰው የመመረቂያ ሥራውን፣ የቡድን ሥራን ወይም የበጎ ፈቃድ አገልግሎትን መጠቀም ይችላል።

እያንዳንዱ ታሪክ አራት ክፍል ይኑረው፦ ሁኔታው፣ የእርስዎ ኃላፊነት፣ ያደረጉት ነገርና ውጤቱ። በጠቅላላው ከሁለት ደቂቃ አይለፍ፤ ከዚያም ግማሹ ያደረጉትን ለመንገር ይዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የችግሩን ታሪክ ከሥሩ ሲተርክ ቆይቶ እሱ ራሱ ያደረገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል።

አንድ የሂሳብ ሠራተኛ «የአሠራር ለውጥ አምጥተው ያውቃሉ?» ተባለ እንበል። «አዎ፣ ታታሪ ነኝ፤ በሄድኩበት ሁሉ ለውጥ አመጣለሁ» ቢል ጠያቂው የሚጽፈው ነገር አላገኘም። እንዲህ ቢልስ? «የወሩን ሂሳብ ለመዝጋት 9 ቀን ይፈጅብን ነበር። መዝገቡን ሳገላብጥ የሚያዘገየን ደረሰኞች ተጠራቅመው በወሩ መጨረሻ መምጣታቸው መሆኑን አየሁ። የአንድ ገጽ ማስረከቢያ ቅጽ አዘጋጅቼ ክፍሎቹ በየሳምንቱ ዓርብ እንዲያስረክቡ ሐሳብ አቀረብኩ። ሁለት ክፍሎች ሥራ በዛብን ብለው አልተቀበሉትም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሄጄ አብሬያቸው ሞላሁ። በሦስተኛው ወር በ5 ቀን ዘጋን።» አሁን እስክሪብቶው ይነሣል፦ ከ9 ወደ 5 ቀን፤ መንስኤውን ራሱ አገኘ፤ እምቢ ያሉትን አግባባ።

ሊጠነቀቋቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ሠራን፣ አሻሻልን» እያሉ መቀጠል ነው። ከትሕትና የሚመጣ አነጋገር ቢሆንም ጠያቂው የእርስዎን ድርሻ ከቡድኑ ለይቶ ማየት ይሳነዋል። የቡድኑን የቡድኑ፣ የራስዎን የራስዎ ብለው ይናገሩ። ሁለተኛው የተጋነነ ቁጥር ነው፤ «እንዴት ለካችሁት?» የሚል አንድ ተከታይ ጥያቄ ብቻ ያፈርሰዋል። ከዚያ በኋላ እውነተኛውም መልስ ይጠረጠራል።

ታሪኮቹን ቃል በቃል አይሸምድዱ፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋልና። መነሻውን ዓረፍተ ነገርና ውጤቱን ብቻ ይያዙ። በስልክዎ ድምፅዎን ቀድተው ያዳምጡ፤ ምን ያህል እንደሚፈጥኑና ስንት ጊዜ «ማለት ነው» እንደሚሉ ያኔ ይሰማዎታል።

3. ዋዜማውና ደጃፉ

ልብሱን ከነጫማው በዋዜማው ለብሰው ይቀመጡበት፤ ቆመው ያማረ ልብስ ሲቀመጡ ሊጨንቅ ይችላል። መመዘኛው ቀላል ነው፦ ንጹሕ፣ የተተኮሰ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ከሚለበሰው ትንሽ ከፍ ያለ። ሽቶ አያብዙ። ሦስት የሲቪ ቅጂ፣ ዋና ማስረጃዎችና የሚጽፍ እስክሪብቶ በአንድ ማህደር ያዘጋጁ።

ከቀጠሮው ሰዓት 20 ደቂቃ ቀድመው ሕንፃው ጋ ይድረሱ፤ ወደ ውስጥ የሚገቡት ግን 10 ደቂቃ ሲቀር ይሁን። ከዚያ በጣም ከቀደሙ ሰዎቹ በሌላ ሥራ ላይ ናቸውና ይቸገራሉ። ስልክዎን ያጥፉት፤ ንዝረት ላይ የተተወ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ከመጥራት ብዙም አይሻልም። ጥበቃውንና እንግዳ ተቀባዩን ከልብ ሰላም ይበሉ፤ ስለ እርስዎ አስተያየት የሚጠየቁበት ጊዜ አለ።

4. ክፍሉ ውስጥ

ሰላምታ ሰጥተው፣ ተቀመጡ ሲባሉ ይቀመጡ። ቦርሳው ወለል ላይ፣ እጅ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ፍርሃት ንግግርን ያፋጥናል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው መልስ በፊት አየሩን በቀስታ ያስወጡ። ጠያቂዎቹ ብዙ ከሆኑ መልስዎን ለጠየቀዎት ሰው ይጀምሩ፣ መሐል ላይ ሌሎቹንም ይመልከቱ፣ ሲጨርሱ ወደ ጠያቂው ይመለሱ።

«ስለ ራስዎ ይንገሩን» ሲሉ የትውልድ ቦታና የቤተሰብ ሁኔታ ፈልገው አይደለም። አሁን ምን እንደሚሠሩ፣ ወደዚያ ያደረሰዎት ልምድ ምን እንደሆነና ይህን ሥራ ለምን እንደፈለጉት በዚህ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ደቂቃ ተኩል ይንገሩ።

ጥያቄው ካልገባዎት እንዲደገምልዎት መጠየቅ ነውር አይደለም። «አንድ አፍታ ላስብበት» ብሎ አምስት ሰከንድ ዝም ማለትም እንዲሁ፤ ለእርስዎ ረጅም የሚመስለው ዝምታ ለሚያዳምጠው አጭር ነው። የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆነው አይመልሱ። «በዚህ ፕሮግራም አልሠራሁም፤ በተመሳሳዩ ግን ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» ይበሉና ልዩነቱን እንዴት እንደሚማሩት ያክሉ።

ስለ ድክመት ሲጠየቁ «ሥራ አበዛለሁ» የሚለውን የተለመደ መልስ ይተዉት፤ ጠያቂው ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ለሥራው ዋና ያልሆነ፣ ግን እውነተኛ ድክመት ይጥቀሱና እሱን ለማረም የሚያደርጉትን ተጨባጭ ነገር ይናገሩ። የቀድሞ አለቃዎን አያሙ፤ በደል ቢደርስብዎትም ጠያቂው የሌላውን ወገን መስማት ስለማይችል የሚቀርለት የእርስዎ ምሬት ብቻ ነው። የሚፈልጉትን ደመወዝ ከጠየቁዎት አስቀድመው ገበያውን አይተው ከዚህ እስከዚህ ይበሉ፤ ዝቅተኛው ቁጥር ግን ቢሰጥዎት የማይከፋዎት ይሁን፤ ብዙ ቀጣሪ የሚይዘው እሱን ነው።

5. በቪዲዮ ከሆነ

ካሜራው በዓይንዎ ልክ እንዲሆን ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ ያስቀምጡ። ብርሃኑ ከፊት ይምጣ፤ መስኮት ከጀርባ ከሆነ ፊትዎ ይጨልማል። ሲናገሩ የጠያቂውን ምስል ሳይሆን ካሜራውን ይመልከቱ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ የሚደውሉበትን ቁጥር ቀድመው ይጠይቁ።

6. የእርስዎ ጥያቄና ከዚያ በኋላ

«ጥያቄ አለዎት?» ሲባሉ «የለኝም» አይበሉ። «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚቀጠረው ሰው ምን ትጠብቃላችሁ?» እና «ክፍሉን አሁን ይበልጥ የሚያስቸግረው ምንድን ነው?» ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለተኛው ሲመለስ ደግሞ ካዘጋጁት ታሪክ ያልነገሩት አንዱ የሚገጥም ከሆነ ባጭሩ ለመንገር ዕድል ይሰጥዎታል። ውጤቱ መቼና በምን እንደሚገለጽ ጠይቀው፣ አመስግነው ይውጡ።

በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ የምስጋና ኢሜይል ይላኩ፤ በውይይቱ የተነሣ አንድ ነገር ይጥቀሱበት። የተባለው ቀን ካለፈ ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ጠብቀው አንድ ጊዜ ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ከሕንፃው እንደወጡ አረፍ ብለው የተጠየቁትን ሁሉ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። የተደናቀፉበትን ጥያቄ ምልክት ያድርጉበትና ሊመልሱት ይገባ የነበረውን መልስ አእምሮዎ ገና ትኩስ ሳለ ከሥሩ ያስፍሩ።