የወሎን ሐዲድ ለዝገት እንዳንሰጠው፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አልፎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተወጠነው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ውሉ በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ የግንባታ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ጋር ተፈረመ። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት መስመር ለዓመታት መደበኛ ባቡር ሳይሄድበት ቆይቷል። ወሎዬ ይህን ጉዳይ የራሱ ሊያደርገው ይገባል። ባቡሩ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን እየጠየቅን ሐዲዱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ካልጠየቅን፣ ቀኑ ሲመጣ የሚጠብቀን ሌላ የጥገና ወጪ ነው።

የቆመ መስመር አይጎዳም ብሎ ማሰብ

ባቡር ካልሄደበት ምኑ ይበላሻል? የሚል ሰው ብዙ ነው። ባቡር የሚመላለስበት ሐዲድ ጀርባው እንደ መስታወት ያበራል፤ የባቡሩ የብረት ጎማ በየቀኑ ዝገቱን ይፍቀዋል። የቆመው ግን ይዝጋል። ዝገቱ መልክ ብቻ አያበላሽም። አንዳንድ የሲግናል (ባቡሩን “ሂድ” ወይም “ቁም” የሚሉ ምልክቶች) ሥርዓቶች ባቡሩ የት እንዳለ የሚያውቁት በሐዲዱና በጎማው መካከል በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ነው። ዝገት በመካከል ከገባ ባቡሩ ቆሞ እያለ ሲግናሉ “መንገዱ ባዶ ነው” ሊል ይችላል። በጠጠሩ መሐል ሣር ይበቅላል። ውሃ የሚያሻግር ቱቦ ይደፈናል። ጠባቂ በሌለበት መዳብ ይሰረቃል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የባቡሩ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ያንን ጉዳት ሁሉም ያውቀዋል። ቀስ እያለ የሚመጣውን ግን የሚመዘግበው የለም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ አነስተኛ የጥገና ባቡር በየሳምንቱ ይመላለስ፣ በእግር የሚሄድ ተቆጣጣሪ ይኑር፣ ያየውንም ይጻፍ።

ውሃን መጨረሻ ላይ ማሰብ

በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት ይህ ነው።

ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር ጠጋ ብላችሁ እዩት። እንደ ወንዝ ድንጋይ የለሰለሰ አይደለም። የተፈለጠ፣ ጠርዙ ሹል የሆነ ድንጋይ ነው። ሹልነቱ ሥራ አለው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ተቆላልፎ ሐዲዱ የተቀመጠባቸውን የኮንክሪት ተሸካሚዎች እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ውሃ ማፍሰሻ ነው። አሁን ጭቃ ወደዚያ ክፍተት ገባ እንበል። ውሃው መውጫ ያጣል። ባቡር ባለፈ ቁጥር ተሸካሚው ይጫናል፣ ይነሣል፤ ጭቃውም ከሥር ወደ ላይ እየተተፋ ይወጣል። ጠጠሩ መቆላለፉን ይተዋል። ሐዲዱ በአንድ በኩል ይሰምጣል። ያኔ ባቡሩ ፍጥነት እንዲቀንስ ይታዘዛል። ፍጥነቱን ካልቀነሰ ከሐዲድ ሊወጣ ይችላል።

የእኛ አገር መልክዓ ምድር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ከደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጎርፍ ውሃ ብቻ አይደለም። ድንጋይ፣ አፈር፣ ግንድ ሁሉ ይዞ ይመጣል። የቦርከናን ሸለቆ የያዘው ዋልካ መሬት ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በላዩ የተሠራ ነገር አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ወሎ ሁለት ዝናብ ስላለው የቱቦና የቦይ ጠረጋም ሁለቴ መሆን አለበት፦ በጥር ለበልግ፣ በግንቦት ለክረምት። ሐምሌ ላይ አካፋ ይዞ መሮጥ ጥገና አይባልም።

ከዳገቱ በላይ ያለው እርከንና ደንም የባቡሩ ጉዳይ ነው። ተራራው ሲራቆት ደለሉ የሚመጣው ሐዲዱ ላይ ነው።

ሐዲዱን አንጥፎ መብራት መጠበቅ

መስመሩ በ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታሰበ ነው። የኃይል አቅርቦቱ በጊዜ አለመድረሱ ሥራውን ካዘገዩት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የኃይል ማከፋፈያው ከሐዲዱ እኩል መታቀድ ነበረበት፤ ወደፊት ለሚሠራው ሁሉ ትምህርት ይሁን። በናፍጣ የሚሠሩ ጥቂት ሎኮሞቲቮችም ያስፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ መንገድ ላይ የቀረ ባቡር የሚጎትት ነገር ይፈልጋል።

የሐዲዱ ስፋት አንድ ከሆነ በቂ ነው ማለት

ፈረንሳዮች የሠሩት የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 1 ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም ሆነ የወሎው ስፋታቸው 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አዋሽ ላይ ይገናኛሉ። ግን አንዱ በቻይና ደረጃ፣ ሌላው በአውሮፓ ደረጃ ተሠራ። ሲግናሉ፣ ሬዲዮው፣ የፉርጎ ማያያዣው ካልተግባቡ ከኮምቦልቻ የተነሣ ጭነት አዋሽ ላይ ቆሞ ይቀራል። ይህ ዛሬ ነው መፈታት ያለበት። አንድ የኦፕሬሽን ደንብና አንድ የመለዋወጫ ዝርዝር ያስፈልጋል።

ባለሙያን ከውጭ ብቻ መጠበቅ

ድሬዳዋ የባቡር ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ያለፈባት ከተማ ነበረች። የድሮው መስመር ሲዳከም እውቀቱም አብሮ ተበተነ። የጅቡቲውን አዲስ መስመር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያስተዳደሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ወሎ ላይ ይህ እንዳይደገም የኮምቦልቻና የደሴ ወጣቶች ከአሁኑ ብየዳ፣ የሐዲድ ፍተሻ፣ የሲግናል ጥገና ይማሩ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የማሽን ልጆች አሏት።

አርብቶ አደሩን እንደ እንቅፋት ማየት

መስመሩ የሚያልፈው ከብትና ግመል በሚነዳበት ቆላ ነው። አጥር ብቻ አይበቃም፤ ሊፈርስ ይችላል። ከብቱ ወደ ውሃና ወደ ግጦሽ የሚሄድበት መንገድ ላይ ከሐዲዱ ሥር የሚያሳልፍ መሻገሪያ ይሠራ። ከፍታውም የተጫነ ግመል የሚያሳልፍ ይሁን። በባቡር ለተገጨ ከብት ካሣው ማን ጋ እንደሚጠየቅ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ይወቁ። ጥበቃውንም ለአካባቢው ሰው መስጠት ይሻላል። ደመወዙ እዚያው ሲገባ ሐዲዱ ባለቤት ያገኛል።

ፍጥነትን ማሳደድ

ዲዛይኑ ለመንገደኛ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ይላል። ጥሩ ነው። ነጋዴው የሚፈልገው ግን ኮንቴይነሩ በተባለው ቀን መድረሱን ነው። ከሐዲዱ እስከ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና ኢንዱስትሪ ፓርክ ግቢ ያለው የመጨረሻ መንገድ ካልታሰበበት፣ ያው ኮንቴይነር እንደገና በክሬን ወርዶ በከባድ መኪና ይጫናል። የዚያ ጭነትና ማራገፊያ ዋጋ በባቡሩ የተገኘውን ቅናሽ ይበላዋል፤ ነጋዴውም ወደለመደው ሲኖትራክ ይመለሳል።