ትልቅ የሞዴል ሮኬት ኪትን ከጅራቱ ጀምሮ ማቅለል

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ወለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ የሞዴል ሮኬት ለሚሠራ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም ፓራሹት የሚሠራው በአየር ጥግግት ነው። ነዳጁን ጨርሶ 3.6 ኪሎ የሚመዝን ሮኬት 1.5 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ፓራሹት ሲወርድ በባሕር ወለል አየር በሰከንድ 6.4 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ያው ሮኬት በዚያው ፓራሹት ደብረ ማርቆስ ላይ በሰከንድ 7.2 ሜትር ይወርዳል። የታጨደ የጤፍ ማሳ በበጋ ምን ያህል እንደሚጠነክር የሚያውቅ ሰው ይህ ጭማሪ በክንፍ ሥር ላይ ምን እንደሚያደርግ ይገባዋል። ሮኬቱን ወደ 3 ኪሎ ማውረድ ከተቻለ ግን ፍጥነቱ ወደ 6.6 ይመለሳል፤ 600 ግራም መቀነስ ማለት ከፍታው የወሰደብንን አየር መልሶ እንደማግኘት ነው።

ሲነሣም ጥቅሙ ይህንኑ ያህል ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር የደኅንነት ደንብ የከፍተኛ ኃይል ሮኬት ክብደት ከሞተሩ አማካይ ግፊት አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ጠንቃቃ ሠሪዎች ግን ግፊቱ የክብደቱ አምስት እጥፍ ካልሆነ አይተኩሱም። 240 ኒውተን አማካይ ግፊት ባለው ሞተር 4.2 ኪሎ የሚመዝን ሮኬት ሁለት ሜትር ርዝመት ያለውን የማስወንጨፊያ ሐዲድ ጨርሶ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 13.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ክብደቱ ወደ 3.6 ኪሎ ሲወርድ ፍጥነቱ 15.1 ሜትር ይደርሳል። ክንፎቹ ሮኬቱን ቀጥ አድርገው ለመያዝ በሰከንድ 15 ሜትር ገደማ ስለሚፈልጉ፣ በነፋስ ቀን ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ሮኬቱ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ወይም ወደ ነፋሱ መጋደሉን ይወስናል።

ከዚህ በታች የምገልጸው ዘዴ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ለሆነ፣ የካርቶን ቱቦ፣ የኮምፔንሳቶ ክንፍና የፕላስቲክ አፍንጫ ላለው ኪት ነው። ሞተሩ ሁልጊዜ ፋብሪካ የሠራውና የተመሰከረለት መሆን አለበት፤ በቤት የተቀመመ ነዳጅ ሰው ስለሚገድል እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሥራው የሚጀምረው በመጋዝ ሳይሆን በሚዛን ነው። የገበያ ሚዛን ለቅቤና ለማር ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ግን ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ከሌለ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄዶ ማስመዘን ይቻላል። እያንዳንዱ ክፍል ከመያያዙ በፊት ተመዝኖ፣ ክብደቱና ከአፍንጫው ጫፍ ያለው ርቀት በደብተር ይመዘገባል። ካርቶን እርጥበት ስለሚጠጣ በክረምት የተመዘነ ቱቦ በጥር ከሚመዘነው ይከብዳል፤ ስለዚህ መመዘኑም መሥራቱም በበጋ ቢሆን ይመረጣል። ኦፕን ሮኬት የሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም እነዚህን ቁጥሮችና የሮኬቱን ቅርጽ ተቀብሎ የክብደት ማዕከሉን (ሮኬቱ ሲንጠለጠል ሚዛኑ የሚቆምበትን ነጥብ) እና የአየር ግፊት ማዕከሉን (አየሩ በሮኬቱ ላይ የሚያሳድረው ግፊት የሚጠቃለልበትን ነጥብ) ያሰላል፤ የማስወንጨፊያው ከፍታ 2,400 ሜትር መሆኑን መሙላት ግን አይዘንጋ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንለፍ። ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲበር የክብደት ማዕከሉ ከአየር ግፊት ማዕከሉ ቢያንስ በአንድ፣ ቢቻል እስከ ሁለት የቱቦ ዲያሜትር ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። ጅራቱ በከበደ ቁጥር ሠሪው ሚዛኑን ለመመለስ አፍንጫው ውስጥ እርሳስ (ከባዱን ብረት) ይጨምራል፤ በዚህም ሮኬቱ በሁለቱም ጫፍ ይከብዳል። የተገላቢጦሹም እውነት ነው። የክብደት ማዕከሉ ከአፍንጫው ጫፍ 115 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። ከጅራቱ፣ በአማካይ 165 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለው ክፍል፣ 250 ግራም ብንቀንስ 250 በ50 ተባዝቶ 12,500 ይሆናል። የአፍንጫው እርሳስ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለ ከማዕከሉ ያለው ርቀት 95 ነው፤ 12,500 ለ95 ሲካፈል 132 ግራም ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ከጅራቱ 250 ግራም የቀነሰ ሰው ከአፍንጫውም 130 ግራም ያህል ያለ ምንም አደጋ ያወጣል። ከአፍንጫው አጠገብ የተቀነሰ ግራም ግን ማዕከሉን ወደ ኋላ ስለሚጎትተው በእርሳስ መተካቱ አይቀርም። የሥራው ቅደም ተከተል ከጅራት ወደ አፍንጫ እንዲሆን የማሳስበው ለዚህ ነው።

ጅራት ላይ ከሁሉ በላይ ክብደት የሚያባክነው፣ ብዙ ሰው ባይጠረጥረውም፣ ሙጫው ነው። እኔና ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ሮኬት ስንሠራ በክንፉና በቱቦው መገናኛ ላይ ያለውን ኢፖክሲ (ከሁለት ፈሳሽ የሚቀላቀለውን ጠንካራ ሙጫ) በአውራ ጣት አለሰለስነው፤ መገናኛው አምሮ ወጣ፤ ሲመዘን ግን ጅራቱ ካሰብነው ከ100 ግራም በላይ ከብዶ ተገኘ። ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል፤ የመገናኛው ሙሌት፣ ማለትም ማዕዘኑን የሚሞላው ሙጫ፣ መጠኑ የሚያድገው በጠርዙ ሬዲየስ ስኩዌር ነው። ሬዲየሱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሙሌት 25 ሴንቲ ሜትር በሆነ የክንፍ ሥር ላይ 9 ግራም ያህል ኢፖክሲ ይበላል፤ ሬዲየሱ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከሁለት ግራም ብዙም አያልፍም። ሦስት ክንፍ ያለው፣ ክንፉ ቱቦውን ዘልቆ ሞተሩ ከሚገባበት ውስጠኛ የሞተር ቱቦ ጋር የሚገናኝ ሮኬት በውጭና በውስጥ 18 እንዲህ ያሉ መገናኛዎች አሉት፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከ110 ግራም በላይ ይሆናል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ክብ እንጨት ሙሌቱን በትክክለኛው መጠን ስለሚቀርጸው ጣትን ይተካል።

የደብረ ማርቆስ ብርድም በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ አለው። ኢፖክሲ ሲቀዘቅዝ እንደ በረጋ ማር ይወፍርና ሳይሰራጭ ስለሚቀር ሠሪው ሳያስበው ይደራርበዋል። ጠርሙሱን ክዳኑ እንደተዘጋ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ሙጫውን ያቀጥነዋል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ በትንሽ በትንሹ መቀላቀል ያስፈልጋል። እንጨት ከካርቶን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ደግሞ የአናጢ ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ውኃው ተንኖ ስለሚሄድ የሚቀረው ክብደት ጥቂት ነው፤ በደንብ የደረቀ መገናኛም ሲሞከር የሚቀደደው ካርቶኑ እንጂ ኮላው አይደለም። ኢፖክሲውን ሙቀት ለሚያገኘው የሞተር መያዣና ለክንፉ ሥር እናስቀረው።

ክንፎቹ ሁለተኛው የክብደት ምንጭ ናቸው፤ እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የ6 ሚሊ ሜትሩን ኮምፔንሳቶ በ4 ሚሊ ሜትር መለወጥ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ክንፍ መርገብገብ የሚጀምርበት ፍጥነት ከውፍረቱ ጋር በአንድ ተኩል ፓወር ስለሚሄድ ያ ፍጥነት ወደ 54 በመቶ ይወርዳል። በሰከንድ 250 ሜትር ሊደርስ የሚችል ሮኬት ክንፉ በበረራ ላይ ተርገብግቦ ከተሰበረ ቀሪው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ የምመርጠው መንገድ የክንፉን ሥር በ6 ሚሊ ሜትር ጠብቆ ወደ ጫፉ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት እያሳሱ 3 ሚሊ ሜትር ማድረስ ነው። ሦስቱ ክንፎች በድምሩ 370 ግራም ከነበሩ በዚህ መንገድ 70 ግራም ያህል ይቀንሳሉ፤ የጫፉ መቅለልም መርገብገቡን ያዘገየዋል። ሦስቱ ክንፎች በመጨረሻ እኩል መመዘን አለባቸው፤ በመካከላቸው ከሁለት ግራም በላይ ልዩነት ካለ ከባዱ እንደገና ይላጋል። በቱቦው ውስጥ የሚደበቀው የክንፉ ምላስ መሐሉ ተቆርጦ መስኮት ሊወጣለት ይችላል፤ ጠርዞቹ 15 ሚሊ ሜትር ያህል መትረፍ አለባቸው። የክንፉ ቅርጽና ስፋት ግን አይነካም፤ የአየር ግፊት ማዕከሉ የሚወሰነው በእነርሱ ነውና።

ተማሪዎች ሁልጊዜ ስለ አገር እንጨት ይጠይቁኛል። ዋንዛ ቀላልና ለመላግ የሚመች ነው፤ ሆኖም ወጥ እንጨት በመስመሩ ስለሚሰነጠቅ ሁለቱም ፊቱ በስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ካልተሸፈነ ለክንፍ አላምነውም። የእንጅባራ ቀርከሃ ደግሞ ለሮኬቱ ማቆሚያና ለሥራ ጠረጴዛ ድጋፍ እጅግ የሚያምር ነው፤ ከዚያ አልፎ ሮኬቱ ውስጥ መግባት የለበትም።

የሞተር ቱቦውን የሚይዙት የኮምፔንሳቶ ቀለበቶች እያንዳንዳቸው 20 ግራም ገደማ ስለሆኑ በትራፓኖ ቀዳዳ ማውጣት የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የፊተኛው ቀለበት የፓራሹቱን ድንጋጤ የሚቀበል ስለሆነ ጨርሶ አይበሳ። ከእርሱ ይልቅ የብረት ዕቃው ይመርመር። በኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ውስጥ የሚያልፉት 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ባለ ጥርስ የብረት ዘንጎች፣ እያንዳንዳቸው 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ፣ ከዳዶና ሮንዴላቸው ሌላ 88 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ በ4 ሚሊ ሜትር ሲተኩ ከግማሽ በታች ይሆናሉ። ወደ ቀለበቱ የሚታሰረው ወፍራም ዓይን ያለው ቡሎንም በሞተር ቱቦው ዙሪያ በኢፖክሲ በተጣበቀ የኬቭላር ገመድ ሊተካ ይችላል፤ ገመዱ ቀለበቱን ሲያልፍ ጠርዙ እንዳይቆርጠው ቀዳዳው ይለስልስ።

ቀለም መጨረሻ ላይ ሳይታሰብ የሚገባ ክብደት ነው። ስቱኮ የሚቀባው በካርቶን ቱቦው ላይ ባለው ጠመዝማዛ ስንጥቅ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተፍቆ አንድ ስስ መሠረትና ሁለት ስስ ቀለም ይበቃዋል። ከአረንጓዴ ማሳ ላይ በሩቁ የሚለይ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ቀለም እመርጣለሁ። የተላገ እንጨትም ሆነ ፋይበር ግላስ ሲፋቅ አፍና አፍንጫ መሸፈን አለበት።

ፈጽሞ የማይቀነሱ ነገሮች አሉ፦ ፓራሹቱ፣ የማያያዣ ገመዱ ርዝመትና ውፍረት፣ ፓራሹቱን ከትኩስ ጋዝ የሚጠብቀው ጨርቅ፣ የሞተር መያዣውና ሮኬቱን ከሐዲዱ ጋር የሚያገናኙት ቁልፎች። ገመድ በማሳጠር 40 ግራም ያተረፈ ሰው ሮኬቱ ሲከፈት የሚደርሰውን ንጥቂያ ወደ ካርቶኑ ያሻግረዋል፤ ያን ጊዜ ገመዱ ቱቦውን ከአፉ ጀምሮ ይተረትረዋል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ አፍንጫው ይከፈታል። በሞተሩ ቦታ የተሞላ ሞተር የሚያህል ክብደት ያለውና ርዝመቱም ተመሳሳይ የሆነ የአሸዋ ከረጢት ይገባል፤ ፓራሹቱና ገመዱም በየቦታቸው ይታጠፋሉ። ሮኬቱ በጠፍጣፋ ማሰሪያ ወገቡ ላይ ይንጠለጠልና ሚዛኑ አግድም እስኪቆም ማሰሪያው ይንቀሳቀሳል፤ የቆመበት ቦታ የክብደት ማዕከሉ ነው። የአየር ግፊት ማዕከሉ 130 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ይህ ነጥብ 115 እስኪደርስ ድረስ እርሳሱ በ20 በ20 ግራም ይወጣል፤ 115 ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሌላ 10 ግራም ለማውጣት መጓጓት አያስፈልግም።

ማስወንጨፉ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ድምፅና ጭስ ያለው ነገር ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት የሲቪል አቪዬሽንና የአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ በጽሑፍ መገኘት፣ የመንደሩ ሰውም አስቀድሞ መስማት አለበት፤ ፈቃዱ እስኪገኝ ሮኬቱ በደረቅ ክፍል ተንጠልጥሎ ይቆያል። የመጨረሻው ክብደት፣ የክብደት ማዕከሉ ርቀትና የተመዘነበት ቀን በአፍንጫው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይጻፍ፤ ከበረራው ቀን በፊት ሮኬቱ እንደገና ይመዘናል፤ ቁጥሩ ከተለወጠ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይተኮስም።